ያልተጠመቀ ነሐስ

ሶልያና ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ የገባችው ሽንኩርት አምሯት አልነበረም። ሂክማ ብረት የምትሸጠው ከሽንኩርቱ ሥር ስለሆነ ግን፣ ከላይ ያለውን ሳይገዙ ከታች ያለውን ማየት አይቻልም። በዚህ የተነሳ የሶልያና ጓዳ ዓመቱን ሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ብቻዋን የምትኖር ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ይህን ሁሉ ሽንኩርት ምን እንደምታደርገው ለጎረቤት ግራ ነው፤ እሷም አታስረዳም።

«ዛሬስ?» አለች ጎንበስ ብላ፣ አንዱን ሽንኩርት እያገላበጠች።

«ዛሬ የበር ማጠፊያ ነው ያለኝ። እሱም የዛገ።»

«ነሐስ ነው የምፈልገው ብዬሻለሁ እኮ።»

«አቦ ሶሊ! በመጣሽ ቁጥር ነሐስ ነሐስ። ነሐስ አምጬ ልውለድልሽ?»

ሂክማ ይህን ስትል ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ነበር። ሶልያና ያበጠውን ጉንጭ አየችው፤ የሙያ ነገር ሆኖ ዓይኗ ቶሎ ያርፍበታል። ግን ሂክማ ስለ ጥርሷ ማውራት ስላልፈለገች ሶልያና ሽንኩርቷን ቋጥራ ወጣች።

የምትፈልገው ብዙ አልነበረም። እንደ እጇ አንጓ የወፈረ፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ ውስጡ ድፍን የሆነ የነሐስ ዱላ ብቻ። በአያቷ ዘመን እንዲህ ያለ ቁራጭ በየብረት ቤቱ ጥግ ወድቆ ይረገጥ ነበር። ደንበኛ ገብቶ በጣቱ ሲያሳይ ሻጩ በሴጌቶ ቆርጦ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጠዋል። ወደ ቤት ወስዶ ምን እንደሚያደርገው የሚጠይቀው የለም። ሶልያና ይህን ለወጣቶች ስታወራ ተረት የምታወራ ይመስላቸዋል።

አሁን ብረት የሚባል ሁሉ፣ ነሐሱም መዳቡም አሉሚኒየሙም፣ ዑደት ለሚባለው መሥሪያ ቤት የተሰጠ ነው። ሰው ድስት ይኖረዋል እንጂ የድስቱ ብረት የእሱ አይደለም። ቅርጹ የባለቤቱ ነው፤ አካሉ የዑደት ነው፤ ለአካሉ በየወሩ ኪራይ ይከፈላል። የአልጋ ሽቦ፣ የጃንጥላ ዘንግ፣ የመነጽር ማጠፊያ፣ ሁሉም በዑደት መፈለጊያ ዘንግ ሲነኩ ስማቸውንና ክብደታቸውን ይናገራሉ። እንዲህ የሚናገረውን ሰው «የተጠመቀ» ይለዋል። ሲነካ ዝም የሚለው፣ ብረቱን ለዑደት ከሰጠው ዐዋጅ በፊት የነበረና ሳይመዘገብ የተረፈው፣ ያልተጠመቀ ይባላል። ሂክማ ግን በራሷ ቋንቋ «ሐላል» ነው የምትለው።

በየወሩ የሚዛን ቀን አለ። ከዋዜማው ጀምሮ ከተማው በሙሉ በየደጃፉ ቁጭ ብሎ የድስት ጥላሸት ይፍቃል፤ ጥላሸት ይመዝናልና። ከተመዘገበው ክብደት የቀነሰ ይቀጣል፤ የጨመረ ግን ይከሰሳል፣ ትርፉን ከየት አመጣኸው ተብሎ። በማግሥቱ ሰው ድስቱን ደርቦ፣ ማንኪያውን በፌስታል ይዞ፣ ቀበሌው ግቢ ይሰለፋል። የብረት ጥርስ ያላቸው ለብቻቸው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚቆሙበት መስመር አለ። አዋቂዎች በሰልፉ ላይ ስለ ዝናብና ስለ ልጆቻቸው ሠርግ ያወራሉ። ይሄ ሁሉ ሰው እንዲህ መልመዱ ሶልያናን ያንገበግባት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ድስቱን መሬት ላይ ወርውሮ «እንኩ!» አለማለቱ ገርሟት አያውቅም፤ አናድዷት ግን ያውቃል።

ቤቷ ውስጥ፣ ድሮ ማድ ቤት በነበረችው ክፍል፣ አንድ ትንሽ ቶርኖ አላት። ብረት እያሽከረከረች በቢላው የምትልጥበት፣ ክብ የምታደርግበት መሣሪያ ነው። ሕጋዊ ነው፤ «የትርፍ ጊዜ ፈቃድ» ተለጥፎበታል። ሞተሩን ግን ዑደት «ከመጠን በላይ መዳብ» ብሎ ነቅሎ ስለወሰደው፣ እሷ በአሮጌ የስፌት መኪና ፔዳል ነው የምታሽከረክረው። እግሯን ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ያማታል። አትተወውም።

ባለፈቃድ ለሆነ ሰው ዑደት ራሱ ዱላ ብረት ያከራያል። ኪራዩ ከጡረታዋ ይበልጣል። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ፣ ዓመት ሲሞላ የተሠራው ነገር ከነፍቅፋቂው ተጠራርጎ ይመለስና ይቀልጣል፤ ለሠሪው ፎቶ ይቀርለታል። እንደ እሷ ቶርኖ ከሚወዱት ማኅበርተኞቿ መካከል ሳሎናቸውን እንዲህ ባለ ፎቶ የሞሉ አሉ። ሰዓት ሠርተው ፎቶው አላቸው፤ ጥሩንባ ሠርተው ፎቶው አላቸው። ሶልያና እነሱ ቤት ስትሄድ ግድግዳውን አታይም፤ የለቅሶ ቤት ይመስላታል።

እሷ የምትሠራው አንዲት ባቡር ናት። ከክንድ ትንሽ የምትረዝም፣ እውነተኛ እሳት የሚነድባት፣ በእንፋሎት የምትሄድ ባቡር። ቦይለሯ ከፈረሰ ቤት የተገኘ የመዳብ ቱቦ ነበር። ጎማዎቿ የቧንቧ መዝጊያ ነበሩ፤ ዘንጎቿ የመስኮት መቀርቀሪያ። እያንዳንዷ ቅንጣት ያልተጠመቀች ናት፤ ከጓደኛ ካገኘችው አንድ ቁራጭ በቀር ለያንዳንዷ ቅንጣት ሶልያና ሽንኩርት ገዝታለች። የጎደለው ከሁለቱ ሲሊንደሮች አንዱ ነው፣ እንፋሎቱ ገብቶ ዘንጉን የሚገፋበት። ለእሱ ነሐስ ያስፈልጋል፤ ሌላ ነገር ሞክራ ተበላሽቶባታል።

ባቡሯ የምትደበቀው ቶርኖው ሥር ነው። ተቆጣጣሪዎች፣ ማንኛውም ብረት አጠገብ ሲደርስ የሚጮኸውን መፈለጊያ ዘንጋቸውን ይዘው ሲመጡ፣ እዚያ ጥግ ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ቶርኖው ራሱ ወፍራም ብረት ነዋ። ጮኸ ብሎ የሚደነግጥ የለም። ቶርኖው እያለ ባቡሯ አለች ማለት ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተሰማ መጣ። የአያት ስም እንደገና ፋሽን ሆኖ ስለነበር የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ተሰማና ደጀኔ ነው፤ ሶልያናና ናኦድ የሚባሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ተሰማ የዑደት የአካባቢ ተቆጣጣሪ ነው፤ አረንጓዴ ሰደርያው በደንብ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ለስላሳ።

«እንደምን አደሩ እናታችን? ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ ነው።»

ድሬዳዋ ውስጥ ትልቅ ትንሹን አንተና አንቺ ይላል፤ ፍቅሩም እዚያው ነው። እርስዎ የሚል ሲመጣ ሶልያና ቀድማ ትጠረጥራለች።

«አንቺ በለኝ። ምን ልትወስድ ነው የመጣኸው?»

ተሰማ ፈገግ አለ። «ኧረ ዛሬ የምወስደው የለም። ለማሳወቅ ያህል ነው። የትርፍ ጊዜ ፈቃዶች በሙሉ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ አይታደሱም። ጳጉሜ ላይ መኪና መጥቶ ማሽኑን በክብር ያነሳዋል። ለእርስዎም ይቀልልዎታል፣ ክፍሉ ይሰፋልዎታል።»

«ክፍሉ አልጠበበኝም።»

«አውቃለሁ እናታችን። ግን ያስቡት፣ ይሄ ብረት የስንት ሰው አልጋ ይሆናል!» ዘንጉን አወጣና ክፍሉን ዞረ። ቶርኖው ጋ ሲደርስ ዘንጉ ጮኸ። ተሰማ የቶርኖውን ግንባር እንደ ጥሩ ላም መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ሶልያና በሩን ዘጋችና ቆመች። ወንበር ነበር፤ አልተቀመጠችም። ቶርኖው ሲነሳ ባቡሯ ሜዳ ላይ ትቀራለች። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሳት ነዶባት ስትሽከረከር ማየት አለባት። ይህን ካላየች እነዚያ ሁሉ ዓመታት ሽንኩርት መግዛት ብቻ ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያልዞረችበት የለም። ታይዋን ገበያ ሄደች፤ ሻጮቹ ነሐስ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዕቃቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ። ሳቢያን ሰፈር አንድ ሰው አለ ተብላ ሄደች፤ ሰውዬው የፕላስቲክ ዱላ በነሐስ ቀለም ቀብቶ አመጣላት። ፊቱ ላይ ልትወረውርበት ምንም አልቀራት። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲያመጣ ከሕፃናት ጋር አሸዋው ላይ ጎንበስ ብላ ፈለገች፤ ያገኘችው የተጠመቀ የጃንጥላ ዘንግ ነው፣ እሱንም መልሳ ወረወረችው።

ነሐሴ ሲጋመስ ሂክማ ራሷ ሰው ላከችባት። ስትደርስ የሂክማ ጉንጭ ተወጥሮ አንድ ዓይኗ ሊዘጋ ነው።

«ነሐስሽ መጥቷል» አለች ሂክማ፣ አፏን እንደ ምንም እየከፈተች። «ገንዘብሽን አልፈልግም። ይችን ጥርስ አውልቂልኝ።»

«ክሊኒክ ለምን አልሄድሽም?»

«ሄጃለሁ! የጥርሴ ክዳን የዑደት ብረት ነው። ፈቃድ ሳይመጣ አንነካም አሉኝ። ፈቃዱ ሲመጣ እኔ የለሁም ሶሊ፣ ወላሂ በዚች ጥርስ ነው የምሞተው።»

ሶልያና ከሽንኩርት ጆንያዎቹ ኋላ አስቀመጠቻትና አፏን አየች። ክዳኑ ሥር ያለው ሁሉ በስብሷል። በማንም ክሊኒክ፣ በማንም ዘመን፣ ይህን ያየ ሐኪም ቀን አይሰጥም ነበር። እጇ ሲሠራ አፏ እየተሳደበ በድሮ መንቀያዋ ጥርሱን ነቀለችው፤ የሰደበችው ሂክማን አልነበረም። ሂክማ ደሟን ተፍታ፣ አፏን በጨው ውሃ ተጉመጥምጣ፣ ክዳኑን ለሚዛን ቀን በወረቀት ጠቀለለችው። ከዚያ ከጆንያው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

ሶልያና በመዳፏ መዘነችው። ነሐስ ነው። ወፍራም፣ ድፍን፣ ከስንዝር ትንሽ የሚያጥር። በቅባትና በአቧራ ተለብጦ ጥቁር ሆኗል።

«ሐላል ነው?»

«ዘንግ ያልነካው» አለች ሂክማ።

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ዝም ትላለች። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ያስገባል፤ ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ይቅማል። ሶልያና የምትሠራው በዚያ ሰዓት ነበር። በማግሥቱ ዱላውን በቶርኖው መንጋጋ አሰረችው፤ ከማሽከርከሯ በፊት ጫፉን በጋዝ በነከረችው ጨርቅ ጠረገችው። ቅባቱ ሲለቅ ከሥሩ ነጥቦች ወጡ።

ማኅበራቸው፣ የቅዳሜ ማኅበር የሚሉት፣ ቶርኖ የሚወዱ ሰዎች ስብስብ ነበር። ሐኪም፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ የሒሳብ መምህር፤ አንዳቸውም በዚህ ሥራ እንጀራ በልተው አያውቁም። ከድሮ የባቡር ሠራተኞች የወረሱት አንድ ልማድ ነበራቸው። ከዱላ ብረት ላይ የሚቆርጥ ሰው ሁልጊዜ ከአንዱ ጫፍ ብቻ ይቆርጣል፤ ሌላኛውን ጫፍ አይነካም። እዚያ ላይ በመዶሻና በመምቻ የራሱን ምልክት ይመታል። ቀጥሎ የቆረጠ ከእሱ ሥር ይመታል። ዱላው እየዞረ፣ እየተሰጣጠ፣ እያጠረ ሲሄድ ምልክቱ እየበዛ ይሄዳል። ብረቱን የሚያውቁት ሰዎች ጫፉ ላይ አሉ።

አሁን ጫፉ ላይ አንድ አጭር መስመርና በግራና በቀኙ ነጥብ አለ። የናኦድ ምልክት ነው። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ጨረቃ፣ አንድ ጎኗ የጎደለች። ጎኗ የጎደለው የሶልያና መምቻ ጫፉ ስለተሸረፈ ነው። የራሷ ምልክት ነበር።

እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀረ። ይህን ዱላ ታውቀዋለች። ናኦድ ከእሱ ላይ ቆርጦ ለባቡሯ የመጀመሪያውን ሲሊንደር እንድትሠራ የሰጣት ነው፤ የተረፈውን መትታ መለሰችለት። ናኦድ ጡረታ የወጣ የባንክ ሰው፣ ሳቂታ፣ ዕቃውን ለሁሉም የሚያካፍል ነበር። ባለፈው ዓመት ዑደት በየሰፈሩ የ«ፈቃደኞች ቀን» ሲያዘጋጅ፣ ያለውን ብረት ሁሉ ተሸክሞ ሄደ። ሶልያና ተቆጥታው ነበር። «ለሕፃናቱ ሆስፒታል የሚሆን መሣሪያ ይሠሩበታል አሉኝ፤ በጥዋት ይቀልጣል፣ በሳምንቱ ይሠራል ብሎ ተሰማ ራሱ ነው የነገረኝ» አላት። መድረክ ላይ አወጡት፣ አበባ ሰጡት፣ ሰው አጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ ናኦድ ቶርኖው አጠገብ እየሄደ ባዶ እጁን ያሻሽ ነበር። ብዙ አልቆየም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ፤ ሚስቱ ኤደን «በምኑ እጁን ያፍታታ? ያለውን ሁሉ ሰጠ» ብላ አለቀሰች።

የቀለጠ ብረት ምልክት አይኖረውም። ይህ ዱላ እሳት አላየም፤ ዘንግም አልነካውም። አንድ ሰው ከመድረኩ ጀርባ ሳያስመዘግብ ወስዶታል። የወሰደው ቶርኖ የማያውቅ ሰው ነው፤ ቢያውቅ ኖሮ ያን ጫፍ ቆርጦ ይጥለው ነበር። ነጥቦቹን ጭረት አድርጎ አየና አለፋቸው።

ሶልያና ዱላውን ፈትታ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በዚያ ሐሩር ከፊራ ድረስ በእግሯ ሄደች።

«ከማን ነው የገዛሽው?»

ሂክማ ፊቷን አይታ ሽንኩርት ልትሸጥላት እንኳ አልሞከረችም። «ምን ሆነሻል?»

«ከማን?»

«ከመጋዘኑ በር ነው፣ ከሌላ ከየት ይሆናል? ሁላችንም ከዚያ ነው የምንገዛው።»

«ከዑደት መጋዘን?»

«ዝግ በይ ባክሽ! ሰው ይሰማል።» ሂክማ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ሶሊ፣ አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ፣ ይሄን አታውቂም? ማቅለጫው እሳት ካየ ቆይቷል። ጥሩ ጥሩው በኮንቴይነር ተጭኖ ይወጣል፤ ቁርጥራጩን ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹ ለእኛ ያወጡልናል። እኛ ለእናንተ እንሸጣለን። ዓመት ጠብቀው ቤታችሁ መጥተው ይወስዱታል። ከዚያ እንደገና ለእኛ።»

«ለናኦድ ሆስፒታል ነው ብለውት ነበር።»

«ለሁሉም የሆነ ነገር ይሉታል።»

«አንቺስ እያወቅሽ ትሸጪልኛለሽ?»

«እና ላልሽጥልሽ?» የሂክማ ድምፅ ከፍ አለ፤ እሷም ተናዳለች። «ከጫካ ነው የማመጣው ብልሽ ደስ ይልሻል? አንቺ ባቡርሽን ትፈልጊያለሽ፣ እኔ ልጆቼን አበላለሁ። የተናደድሽው በእኔ ከሆነ ተሳስተሻል።»

ሶልያና የተናደደችው በእሷ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ግን በመንገድ ላይ፣ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ንዴቱ የሚያርፍበት አጥቶ ሰውነቷን ሁሉ ያዘው። ያ ሁሉ ጥላሸት የተፋቀው፣ ያ ሁሉ አፍ የተከፈተው፣ ኤደን ባሏን የቀበረችው፣ ለምን ነበር? ለኮንቴይነር። እሷም ራሷ ሕጉን እየጣሰች ነፃ ሰው የሆነች መስሏት ስትኮራ የኖረችው፣ የሌቦቹን ገበያ ስታሞቅ ነው። ይሄኛው ከሁሉም ይበልጥ አቃጠላት።

ሲሊንደሩን በሚቀጥሉት ቀናት ሠራችው። ከልማዱ አልወጣችም፤ ምልክት ያለበትን ጫፍ አልነካችም። ፔዳሉን ስትረግጥ ቁርጭምጭሚቷ ይጮኻል፤ ነሐሱ ግን ደግ ነበር፣ ቢላው ሲነካው ወርቃማ ሆኖ ይላጣል። ሲገጠም ልክ ገባ። ቀድሞ አስባ የነበረው በሩን ዘግታ፣ ብቻዋን፣ ማድ ቤቷ ውስጥ እሳት ልታነድባት ነበር። አሁን ያ ሐሳብ አስጠላት። የሰረቀችው ነገር የላትም፤ ለምን እንደ ሌባ ተደብቃ ታያለች?

የነሐሴ የሚዛን ቀን ቀበሌው ግቢ ሰው ሞልቷል። ድስቶቹ ተፍቀው ያብረቀርቃሉ። ሶልያና በእንጨት ጋሪ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር እየገፋች መጣች፤ ከጨርቁ ሥር ጭስ ይወጣል። ከሰሉን ቤቷ አቀጣጥላ ነበር የወጣችው። ሰው ዶሮ ወጥ ይዛ የመጣች መስሎት ሳቀ።

ተራዋ ሲደርስ ጨርቁን ገለጠችው። ሳቁ ቆመ። ባቡሯን አንስታ፣ ሁለት የእንጨት ጉማጅ አስደግፋ፣ ጎማዎቿ አየር ላይ እንዲሆኑ አድርጋ፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻት።

«እናታችን» አለ ተሰማ ከጠረጴዛው ኋላ፤ ፊቱ ላይ ያለው ለስላሳነት ገና አልጠፋም። «ይህ ነገር በስምዎ የለም።»

«አዎ፣ የለም። ይሄም የለም» አለችና የዱላውን ጉማጅ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ጫፉን እየው። የናኦድ ምልክት ነው። ከሥሩ የእኔ ነው። አምና ከእጁ ተቀብለህ ይቀልጣል ያልከው። ከመጋዘናችሁ በር ነው የተሸጠው።» ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ለሰልፉ ነበር የምትናገረው። «አልቀለጠም! የማቅለጫው እሳት ከጠፋ ቆይቷል። ያስረከባችሁትን ሁሉ እየሸጡት ነው!»

ተሰማ ጉማጁን አንስቶ አገላበጠው። ነጥቦቹን አያቸው፤ ምንም አልነገሩትም። ትንሿ ሚዛን ላይ አኖረው፣ ቁጥሩ ሲወጣ ጠረጴዛው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ጣለው። «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አለ። «ቅሬታ ካለዎት ለሚመለከተው ክፍል ማቅረብ ይችላሉ። አሁን ማሽኑን እንመዝነውና ወደ መጋዘን ይገባል።»

ሶልያና ጎንበስ ብላ የባቡሯን እጀታ ከፈተች።

እንፋሎቱ አንድ ጊዜ ተፋ፣ ሁለት ጊዜ ተፋ፤ ሲሊንደሩ ዘንጉን ገፋው። ጎማዎቹ ዞሩ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እየፈጠኑ፣ ከዚያ ዘንጎቹ እስከማይታዩ ድረስ። ባቡሯ እንጨቱ ላይ ተንቀጠቀጠች፤ ሚዛኑም አብሯት ተንቀጠቀጠ። ሶልያና ዓይኗ እንባ ሞላ። ትሠራለች። ያ ሁሉ የመስኮት መቀርቀሪያና የቧንቧ መዝጊያ እየሠራ ነው።

የሚዛኑ መስኮት ላይ ቁጥር ሊወጣ ይልና ይጠፋል። በመጨረሻ «አልረጋም» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ እዚያው ቀረ።

«ያጥፉት እናታችን።»

«አላጠፋም።»

ተሰማ እጁን ሰደደ፤ ቦይለሩ ፈጀውና ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። የዑደት ደንብ የተጀመረ ሚዛን ሳይመዘገብ የተቀመጠውን ማንሳትም ሆነ ሌላ መመዘን አይፈቅድም፤ ሰልፉ ቆመ። ተሰማ የተቃጠለ ጣቱን እያየ ቁጭ አለ። «ችግር የለም» አለ። «ውሃው ሲያልቅ ይቆማል። እንጠብቃለን።»

ይህን አስባበት ነበር። ውሃው እንደሚያልቅ፣ ባቡሯ እንደምትወሰድ፣ ምናልባት እሷም እንደምትወሰድ ታውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ማየት ነበር የፈለገችው፤ አየች። ከባቡሯ ኋላ የተቀጠለችውን ትንሽ የውሃ ጋን ተመለከተች፤ ወለሉ ሊታይ ምንም አልቀረውም።

ከሰልፉ አጋማሽ አንዲት ሴት ድስቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። ኤደን ነበረች፣ የናኦድ ሚስት። ለመጠጥ የያዘችውን የፕላስቲክ ጆግ ይዛ መጥታ ሚዛኑ አጠገብ ቆመች፤ የሚሽከረከረውን ነገር አተኩራ አየችው።

«የእሱ የቱ ነው?» አለች ሶልያናን።

ሶልያና ሲሊንደሮቹን አሳየቻት። «ሁለቱም።»

ኤደን ጎንበስ ብላ ውሃውን ጋኑ ውስጥ ቀስ አድርጋ፣ ሳታፈስ፣ ገለበጠችው። ሶልያና የእጅ ፓምፑን ዘንግ አሳየቻት፤ ኤደን ያዘችውና ውሃውን ወደ ቦይለሩ ገፋችው። ባቡሯ ለአፍታ ደከም አለችና እንደገና ፈጠነች።

«እናቴ፣ ወደ ሰልፍዎ ይመለሱ» አለ ተሰማ። ለስላሳነቱ አሁን የለም።

«ባሌን መዝናችሁ እስክትጨርሱ እጠብቃለሁ» አለች ኤደን፣ ቀና ሳትል። ባዶውን ጆግ ወደ ኋላዋ ዘረጋችው፤ ከሰልፉ አንድ ሰው ተቀብሎ ሊሞላው ሄደ።